የዱባ ፓይ ኬክ አይደለም

ኅዳር ገብቶ ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ በተቃረበ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ለታንክስጊቪንግ ተጠርቻለሁ፣ ጣፋጭ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ፣ ምን ይሻለኛል?» የእኔም መልስ ሁሌ አንድ ነው። የዱባ ፓይ ጋግሪ፣ በሊጥ ወይም በብስኩት ንጣፍ ላይ የሚጋገረውን የዱባ ጣፋጭ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አንድ ቀን ቀድሞ ይሠራል፣ ፈረንጁም ሐበሻውም ይበላዋል። አሠራሩን እልካለሁ። ሐሙስ ማታ ፎቶ ይመጣል። መሀሉ እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ ፓይ። ወይም ሲቆረጥ ሳህኑ ላይ ውሃ የለቀቀ። ወይም ደግሞ ጨርሶ ያልረጋ፣ በማንኪያ የሚጨለፍ። ከፎቶው ሥር «እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት፣ ምን ሆኖ ነው?» የሚል መልእክት አለ።

ይህን ለጥቂት ዓመታት ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ልክና ደቂቃ መላክ ብቻውን አይጠቅምም። የአንዱ ኦቨን ከሌላው ይለያል። የአንዱ ዱባ ከሌላው ይለያል። እኔ ቤት 45 ደቂቃ የፈጀው ሌላ ቤት 35 ይፈጃል። የሚጠቅመው ኦቨኑ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅ ነው፤ እሱን ያወቀ ሰው ሰዓት ሳያይም ይጋግራል። ስለዚህ ዛሬ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙልኝ። የዱባ ፓይ ኬክ አይደለም። ኬክን አቅፎ የሚይዘው ዱቄት ነው። ለዚህ ነው ኬክ ስንጋግር መሀሉ ላይ ስቴኪኒ ሰክተን፣ ደርቆ ከወጣ «በስሏል» የምንለው። የፓይ ድብልቅ ውስጥ ግን ዱቄት የለም። ዱባ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቅመምና እንቁላል ነው። ያን ሁሉ እርጥብ ነገር አርግቶ የሚያቆመው ሁለት እንቁላል ብቻ ነው። ክሬም ካራሜል፣ ያን በእንቁላል የሚረጋ የወተት ጣፋጭ፣ በልታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። የዱባ ፓይ የክሬም ካራሜል የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዱባ ገባበት እንጂ የሚረጋበት መንገድ ያው ነው።

እንቁላሉ ይህን እንዴት ያደርጋል? እንቁላል ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጥሬ ሳለ እንደ ክር ልቃቂት የተጠቀለለ ነው። ልቃቂቶቹ ለየብቻቸው ፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ሙቀት ሲያገኛቸው መፈታት ይጀምራሉ። የተፈታው ክር ከጎኑ ካለው ጋር ይያያዛል፣ ያም ከሌላው ጋር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ መረብ ይሆናል። ወተቱና የዱባው ውሃ በመረቡ ዓይኖች ውስጥ ይታሰራሉ። ረጋ የምንለው ያኔ ነው። ሙቀቱ ከቀጠለ ግን ክሮቹ በመያያዝ አያበቁም፣ መኮማተር ይጀምራሉ። መረቡ ይጠብና ይዞት የነበረውን ውሃ ጨምቆ ያወጣዋል። እንቁላል ፍርፍር እሳት ላይ ረስታችሁት ዳር ዳሩን ውሃ ሲለቅ አይታችኋል አይደል? እሱ ነው። የፓዩ ስንጥቅም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ዳሩ ቀድሞ ይበስላል፣ ይኮማተራል፣ መሀሉን ወደ ራሱ ይጎትታል፣ መሀሉም ጉተታውን አልችል ሲል ይቀደዳል።

ለብቻው የሚበስል እንቁላል ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይረጋል። ወተትና ስኳር ሲገባበት ይዘገያል፤ ወተቱ ልቃቂቶቹን ያራርቃቸዋል፣ ስኳሩ ደግሞ ቶሎ እንዳይፈቱ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የፓይ ድብልቅ ረግቶ የሚያምረው 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። አሜሪካ ያላችሁ 175 ፋራናይት በሉት። ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ግን መረቡ እየተበላሸ ነው። ልዩነቱ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው፣ የተላኩልኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ የተበላሹትም እዚያች አሥር ዲግሪ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፓይ ከኦቨን ስለወጣ መብሰሉን ወዲያው አያቆምም። ዳሩ ከመሀሉ ይልቅ የጋለ ነው፤ ያ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያለም ወደ መሀል መጓዙን ይቀጥላል። መሀሉ ኦቨን ውስጥ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ከጠበቃችሁ ዘግይታችኋል ማለት ነው።

ታዲያ መቼ ይውጣ? ትሪውን በጨርቅ ይዛችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ከዳሩ በኩል ረግቶ ዝም ማለት አለበት። መሀሉ ግን፣ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የምታክለዋ ክብ፣ እንደ ረጋ እርጎ መንቀጥቀጥ አለባት። እንደ ወተት ከተናጠ ገና ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ አልፏል። ስቴኪኒውን እርሱት፤ ፓይ ውስጥ ስቴኪኒ ደርቆ ከወጣ ውሃው መውጣት ጀምሯል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሀሉ ላይ ሰክቶ 175 ፋራናይት ሲያይ ያውጣው። ቀዳዳዋን በክሬም መሸፈን ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው። የምነግራችሁ ከሁሉም ቀላሉን ነው፣ ሊጥ ማዳመጥ የሌለበትን።

ለታችኛው ንጣፍ 180 ግራም ያህል ተራ ደረቅ ብስኩት ያስፈልጋል። አሜሪካ ላይ ግራሃም ክራከር የሚባለው ይሆናል፣ ሌላ አገር የሻይ ብስኩት። ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ በመዳመጫ ወይም በጠርሙስ እስኪልም ቀጥቅጡት። 85 ግራም የቀለጠ ለጋ ቅቤ አፍስሱበት፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል አሹት፣ ከዚያ 23 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው የፓይ ሳህን ላይ በብርጭቆ ሥር ጫን ጫን እያላችሁ አንጥፉት። ዳሩንም ወደ ላይ አውጡት። 350 ፋራናይት ወይም 175 ሴልሺየስ በሞቀ ኦቨን 8 ደቂቃ ይጋገር። ይህቺ 8 ደቂቃ ንጣፉን ታጠነክረዋለች፣ በኋላ የሚፈስበት ድብልቅ ቶሎ አያርሰውም። ከወጣ በኋላ ኦቨኑን ወደ 325 ፋራናይት፣ ማለት ወደ 165 ሴልሺየስ አካባቢ ዝቅ አድርጉት።

ለድብልቁ አንድ ቆርቆሮ የተፈጨ ዱባ፣ 425 ግራም ነው። አንድ ቆርቆሮ ኮንደንስድ ሚልክ፣ ያ ስኳር ያለበት ወፍራም ወተት፣ 397 ግራም። ሁለት ትልልቅ እንቁላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ዝንጅብል ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ስኳር አትጨምሩ፤ ኮንደንስድ ሚልኩ ራሱ ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው ስኳር ነው። ኮንደንስድ ሚልክን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ስኳሩ ሟሙቶ ተለክቶ መጥቶላችኋል፣ ውሃውም ቀድሞ ተኖ ወጥቷል።

አሁን የምነግራችሁን እባካችሁ አትዝለሉ። ዱባውን ከቅመሙና ከጨው ጋር ድስት ውስጥ አድርጉና በመካከለኛ እሳት ከ5 እስከ 7 ደቂቃ እያማሰላችሁ አብስሉት። ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንዲሁ በደረቁ። ቁሌት ስታቁላሉ ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ ከድስቱ ሥር መያዝ ሲጀምር የምታውቋት ሰዓት አለች አይደል? እስከዚያች ድረስ ነው። ዱባው ይጠቁራል፣ ያበራል፣ ሽታው ይቀየራል። ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራላችኋል። ትርፍ ውሃው ይተናል፣ ስለዚህ እንቁላሉ የሚሸከመው ይቀንሳል። ቅመሙ በሙቀት ይነቃል። የቆርቆሮ ሽታው ይጠፋል። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ውሃ የለቀቀ ፓይ አላየሁም።

ከእሳት አውርዱት። ኮንደንስድ ሚልኩን ጨምሩና አዋህዱት፣ እሱ ያበርደዋል። ጣታችሁን ስታስገቡበት ለብ ያለ ሲሆን እንቁላሎቹን ለብቻ መትታችሁ ጨምሩ። በጋለ ድስት ላይ እንቁላል የጨመረ ሰው የዱባ ፍርፍር ነው የሚያገኘው። ስታዋህዱ ደግሞ አረፋ እስኪያወጣ አትምቱት፤ አየር ከገባበት ላዩ ጉድጓድ ጉድጓድ ይላል። ንጣፉ ላይ አፍስሱት፣ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አንድ ሁለቴ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፣ አረፋው ወጥቶ ይፈነዳል። ከዚያ ወደ ኦቨን። ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይወስዳል፣ እናንተ ግን ከ35ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ ነቅነቅ እያደረጋችሁ እዩት።

ሌላ ቦታ ያያችሁት አሠራር 425 ፋራናይት ላይ ጀምሩ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ወደ 350 አውርዱ ይል ይሆናል። ስህተት አይደለም። ያ የጥሬ ሊጥ ንጣፍ ላለው ፓይ ነው። ሊጡ ፈሳሹ ሳይገባበት ከሥሩ ቶሎ እንዲይዝ ኃይለኛ ሙቀት ይፈልጋል። እኛ የበሰለ ብስኩት ነው ያነጠፍነው፤ በዚያ ሙቀት ብስኩቱ ያርራል፣ የፓዩም ዳር ከመሀሉ ቀድሞ ይሮጣል። ኦቨናችን ቀዝቀዝ ያለው ዳሩና መሀሉ ተቀራርበው እንዲደርሱ ነው።

ከኦቨን ሲወጣ ጠረጴዛ ላይ ይብረድ። በትኩሱ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ በድንገት ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ለብ ሲል ግን ይግባ፣ እዚያው ይደር።

ዱባው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን የሚደረደሩ ሁለት ቆርቆሮዎች አሉ። አንዱ ዱባ ብቻ ነው። ሌላው ስኳርም ቅመምም ቀድሞ የገባበት የፓይ ድብልቅ ነው። ሥዕላቸው ይመሳሰላል። እኔም አንድ ዓመት ቸኩዬ ሁለተኛውን አነሳሁና፣ ቤት ደርሼ ሳላነብ ኮንደንስድ ሚልክ ጨመርኩበት። ከጣፋጭነቱ የተነሳ ልጆችም አልጨረሱትም። ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ዱባ ብቻ የሚል ይሁን።

የቆርቆሮ ዱባ በዋናነት የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሊኖይ ግዛት ነው። ሞርተን የምትባል ትንሽ ከተማ ራሷን የዓለም የዱባ መዲና ትላለች፤ የቆርቆሮ ዱባ የሚያመርተው የሊቢስ ፋብሪካ ያለው እዚያ ነው። እዚያ የሚፈጨው ዲኪንሰን የሚባል ዝርያ ነው። ብታዩት ዱባ ነው ብላችሁ ላታምኑ ትችላላችሁ። ብርቱካናማ አይደለም፣ ፈዛዛ ቡኒ ነው፣ ሞላላ ነው። ሥጋው ወፍራምና ጣፋጭ ነው፣ ክር ክር አይልም። ሃሎዊን ላይ ፊት ተቀርጾበት በር ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ብርቱካናማ ዱባ ግን ሌላ ነው። እሱ ለመቀረጽ እንጂ ለመበላት አልተመረጠም፤ ውሃ ይበዛዋል፣ ክሩ ይበዛል፣ ጣዕሙ የሳሳ ነው። በር ላይ የዋለውን ዱባ ለፓይ ላውለው የምትሉ እባካችሁ ተዉት። ውጭ ሰንብቶ የተቀረጸ ዱባ ለጤናም አይሆንም።

አባቶቻችን «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ያሉት ሐረጉና ቅጠሉ ተመሳስሎ ፍሬው ስለሚለያይ ነው። ግን አባባሉ ሳያስበው ሌላም እውነት ይዟል። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። ዱባ ደግሞ የአሜሪካ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰው ሲያለማው እንደነበር ከዋሻ የተገኙ ፍሬዎች ያሳያሉ። እንደ በርበሬያችን ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው የመጣው። አንዲት እናት ፓዬን አይተው «ምነው ልጄ፣ ዱባ ለወጥ አይደል እንዴ?» ሲሉኝ ይህን ነበር የነገርኳቸው። ዱባ ወጣችን ራሱ፣ ከነበርበሬው፣ ሁለት የአሜሪካ ስደተኞች የተገናኙበት ድስት ነው።

ቆርቆሮ የሌለበት አገር ካላችሁ፣ ወይም ትኩስ ዱባ ከመረጣችሁ፣ ይቻላል። አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ከቆርቆሮው ጋር በጣም የሚቀራረበው በተርነት የሚባለው ሞላላ ዱባ ነው፣ ከዲኪንሰን ጋር የአንድ ወገን ዱባዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ስትገዙ አስቆርጣችሁ እዩ። ሥጋው ደማቅና ጥቅጥቅ ያለ፣ በቢላ ሲነካ ውሃ የማያንጠባጥበውን ምረጡ። ሁለት ኪሎ ያህል ይበቃል። ለሁለት ክፈሉት፣ ፍሬውን አውጡ፣ የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች ደፍታችሁ 400 ፋራናይት ወይም 200 ሴልሺየስ ላይ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ጋግሩት። አትቀቅሉት። የተቀቀለ ዱባ ሌላ ውሃ ይጠጣል፣ እኛ ደግሞ ያለውንም ልናወጣለት ነው የምንለፋው። ሥጋውን በማንኪያ ፍቃችሁ ፍጩት፣ ከዚያ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ወንፊት ላይ አንጥፋችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጥለል። ስንት ውሃ እንደሚወጣው ስታዩ ትገረማላችሁ። ከጠለለ በኋላ 425 ግራም መዝኑ። የተረፈው ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል፣ ለሌላ ጊዜ ይሆናል።

ቅመሙ። አሜሪካ ውስጥ መስከረም ሲጠባ ሁሉም ነገር «ፓምፕኪን ስፓይስ» ይሆናል፤ ቡናው፣ ሻማው፣ ሳሙናው። ስታርባክስ ያን ታዋቂ የወተት ቡና በ2003 ሲያወጣ ውስጡ ዱባ አልነበረበትም። ስሙ የዱባ ሳይሆን የዱባ ፓይ ቅመም ነው። ማኮርሚክ የሚባለው የአሜሪካ ቅመም ኩባንያ ቅመሙን ቀላቅሎ በአንድ ጣሳ መሸጥ የጀመረው በ1934 ነው፤ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ገውዝና እነሱን የመሰሉ ቅመሞች ናቸው። እስኪ አንድ ጊዜ ቤታችሁ ያለውን የሻይ ቅመም አሽትቱት። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል። ከዝንጅብልና ከገውዝ በቀር ሁሉም እጃችሁ ላይ አለ። እኔ ጣሳውን መግዛት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የሻይ ቅመሜን በቡና መፍጫ አልሜ እፈጫለሁ፣ ዝንጅብል እጨምርበታለሁ። ሄሉ ለፓዩ የሚሰጠው ሽታ የትም ሱቅ የለም። ሐበሻ ሲቀምሰው «ይሄን የት ነው የማውቀው?» ይላል፣ ሻዩን እኮ ነው የሚያስታውሰው።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ቅርንፉድ ኃይለኛ ነው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ካለፈ ምላስ ያደነዝዛል፣ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። ኮረሪማ ደግሞ አታስገቡ። ኮረሪማን የምወድ ሰው ነኝ፣ ግን እሱ ከገባ ፓዩ ንጥር ቅቤ ንጥር ቅቤ ይላል፣ አእምሯችን ወጥ ፍለጋ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ለብዙዎቻችን ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፣ ኮንግረስ በ1941 በሕግ ያጸናው። ስለዚህ ሁሌ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ይውላል። የነቢያት ጾም የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 ነው፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ አንዳንድ ዓመት 25። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በዓሉ ጾም ውስጥ ይወድቃል። በ2024 ኖቬምበር 28 ዋለ፣ በ2025 ደግሞ 27፣ ሁለቱም ጾም ነበሩ። በ2023 ግን 23 ላይ ስለነበር ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ተበላ። አንድ ማዕድ ላይ ጿሚም የማይጾምም ይቀመጣል፣ እና ብዙ ጊዜ ጿሚው ሰላጣ ይዞ ጥግ ላይ ይቀራል። ደስ አይለኝም። ለእነሱ የሚሆን ፓይ መጋገር ከባድ አይደለም፤ ብቻ እንቁላሉን አውጥቶ ዝም ማለት አይቻልም። የሚያረጋው እሱ ነበር ብለናል። ቦታውን የሚይዝ ያስፈልጋል።

የሚይዘው የበቆሎ ስታርች ነው። ስታርች የሚያረጋው ግን በሌላ መንገድ ነው። መረብ አይሠራም። ቅንጣቶቹ ሙቅ ውሃ ውስጥ ውሃ እየጠጡ ያብጣሉ፣ ይተሻሻሉ፣ ፈሳሹ ይወፍራል። ይህን ደግሞ አጥሚት ያማሰለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠን እንጨምረዋለን፣ አለበለዚያ ይጓጉላል። እስኪፈላ እናማስላለን፣ ካልፈላ ጥሬ ጥሬ ይላል። ሲበርድ ደግሞ ይወፍራል፣ ገንፎም አድሮ በቢላ የሚቆረጠው ለዚህ ነው። እነዚህ ሦስቱ የጾም ፓይ ሕጎች ናቸው።

እንግዲህ፦ 240 ሚሊ ሊትር፣ ማለት አንድ ኩባያ፣ ወፍራም የኮኮናት ወተት። ስብ የተቀነሰለትን አትግዙ፣ ፓዩን የሚያለሰልሰው ስቡ ነው። ሩብ ኩባያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛው የኮኮናት ወተት በጥብጡ፣ አንድም ጓል አይኑር። ዱባውን እንዳልኳችሁ ከቅመሙ ጋር ድስት ላይ አብስሉ፣ ሦስት ሩብ ኩባያ ቡናማ ስኳር ጨምሩ፣ ከእሳት አውርዳችሁ ለብ ሲል ከበጠበጣችሁት ጋር አዋህዱ። ንጣፉን በቅቤ ፋንታ በኮኮናት ዘይት አሹት። የብስኩቱን ጽሑፍ አንብቡ፣ ብዙዎቹ ወተት ወይም ቅቤ አለባቸው። ኦቨኑ 350 ፋራናይት፣ ጊዜው አንድ ሰዓት ያህል።

እዚህ ላይ የእርጎው ምልክት አይሠራም። እንቁላል ቢሆን ይህን ያህል ሙቀት ያበላሸው ነበር፤ ስታርች ግን ይፈልገዋል፣ 90 ዲግሪ አልፎ ሊፈላ እስኪቀርብ ድረስ። ዳር ዳሩን ቡልቅ ቡልቅ ሲል፣ ላዩም ሲደነግዝ አውጡት። መሀሉ በደንብ ይንቀጠቀጣል፣ አትደንግጡ። ገና አልበረደም። የሚረጋው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ቢያንስ ለአራት ሰዓት፣ ከሆነላችሁ ሌሊቱን። የጾም ፓይ ሞክሬ አልረጋልኝም ያሉኝ ሁሉ ስጠይቃቸው በትኩሱ ነው የቆረጡት።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ማስታወሻ። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእንቁላሉ ፓይ ግድ የለውም፣ እሱ የሚፈልገው 80 ነው። የስታርቹ ግን ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ እናንተ ጋ ቀስ ብሎ ነው የሚደርስ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ጨምሩለት፣ ዳሩ ቡልቅ ማለቱን ሳታዩ አታውጡት።

ኦቨን የሌለው ሰውም አይቅር። የእንቁላሉን ድብልቅ በትንንሽ ሙቀት የሚችሉ ኩባያዎች ከፋፍሉት፣ በፎይል ሸፍኑት፣ ሰፊ ድስት ውስጥ ከሥር ጨርቅ አንጥፋችሁ ደርድሩ፣ ኩባያዎቹ እስከ ግማሽ ድረስ ሙቅ ውሃ ሙሉበት። ክዳን ግጠሙ፣ እሳቱ ዝቅ ይበል፣ ውሃው አይንተክተክ። ውሃ ከሚፈላበት በላይ መሞቅ ስለማይችል እንቁላሉን ይጠብቀዋል። ከ20 ደቂቃ በኋላ እየከፈታችሁ የእርጎዋን ምልክት ፈልጉ። የተደቀቀውን ብስኩት ሲቀርብ ከላይ በትኑበት።

የመጨረሻው ስለ ግብዣው ቀን ነው። ፓዩን ረቡዕ ጋግሩት። ሐሙስ ኦቨኑ በተርኪው ይያዛል፣ ፓዩም ማደር ይወዳል። ስትወስዱት ደግሞ ይህን አስቡ፤ የእንቁላልና የወተት ነገር ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የሚመክረው ይሄንኑ ነው። የእኛ ግብዣ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ምሳ ስምንት ሰዓት ተብሎ አሥር ሰዓት ይቀርባል፣ ከዚያ ቡና ይፈላል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስለዚህ እንደደረሳችሁ ባለቤቷን ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ጠይቋት። ቡናው ሲቆላ አውጡት፣ አቦል ሲቀዳ ቁረጡት። ቢላውን ሙቅ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ፣ እየጠረጋችሁ ከቆረጣችሁ ቁራጩ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ቀጫጭን ቁረጡ። ታላላቆቻችን ብዙ ጣፋጭ አይወዱም፣ ልጆቹ ግን ሁለቴ ይመጣሉ።

የተረፈው ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። እኔ ቤት የጾሙ ፓይ የሚያልቀው አርብ ከሰዓት ነው፣ ከቡና ጋር። ሁለት ሌሊት አድሮ በደንብ ስለጠነከረ፣ ቅመሙም ስለገባበት፣ ከሐሙሱ ይልቅ እሱ ይጣፍጠኛል።